ውኃው ተቆጥሮ ወጡ ሲቀር

ከጥቂት ዓመታት በፊት መጠይቅ የያዘ ወጣት የእናቴን በር አንኳኳ። ዕለቱ እንጀራ የሚጋገርበት ነበርና ጓዳው በጢስ ታፍኗል። እናቴ አክንባሎውን በእጇ እንደያዘች ዓይኗን እያሻሸች ብቅ አለች። ልጁ ትሑት ነበር። ስም፣ ዕድሜና የቤተሰብ ብዛት ጠይቆ ሲያበቃ «እማማ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት። «ምን ሥራ አለኝ ልጄ፣ ቤት ነው የምውለው» ብላ መለሰች። ልጁም የነገረችውን ጻፈ። እሱን ስታስተናግድ ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ አረረ።

ያን ጊዜ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሴትዮዋ በገዛ አፏ ሥራ የለኝም ያለችው ለምንድን ነው? ልጁስ ቀና ብሎ ምጣዱን እያየ እንዴት ጻፈው? እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ እንጂ የኢኮኖሚ ሊቅ አይደለሁም። ቢሆንም ነገሩን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ስሄድ መጨረሻው ከአንድ የበጀት ሰነድ ላይ አደረሰኝ። አንባቢ ሆይ፣ መንገዱ ትንሽ ረዘም ይላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ፋብሪካዎች ተዘግተው፣ ሠራተኞች ለሾርባ ተሰልፈው ሳለ፣ የአገሪቱ ገቢ ምን ያህል እንደወደቀ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ባለሥልጣን አልነበረም። ሴኔቱ ይጠና አለ። ጥናቱን የመራው በዛሬዋ ቤላሩስ፣ በፒንስክ ከተማ ተወልዶ በ1922 አሜሪካ የገባው ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። ጥር 1934 ላይ ለሴኔቱ የቀረበው ሪፖርት ከ1929 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ብሔራዊ ገቢው ወደ ግማሽ ማሽቆልቆሉን አሳየ። ዛሬ በየዜናው «ጥቅል የአገር ውስጥ ምርት» እያልን የምንጠራው ቁጥር የዚያ ሪፖርት የልጅ ልጅ ነው።

የሚገርመው ኩዝኔትስ እዚያው ሪፖርት ውስጥ ማስጠንቀቂያ አስገብቶ ነበር። በዚህ ቁጥር ብቻ የአንድ ሕዝብ ኑሮ ደኅና ነው አይደለም ማለት እንደማይቻል፣ ቤተሰብ ለራሱ የሚሠራው ሥራም ከሒሳቡ እንደቀረ በግልጽ ጽፏል። ከእሱ በፊትም እንግሊዛዊው አርተር ፒጉ አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባት ብሔራዊ ገቢ እንደሚቀንስ አስተውሎ ነበር። ሴትየዋ ያው ሴት፣ ድስቱም ያው ድስት ነው፤ የቀረው ደመወዙ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ ሹማምንቱ ቁጥሩን ወሰዱ፣ ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

ታሪኩ ቀጥሎ ወደ አፍሪካ ይሻገራል። ፊሊስ ዲን የተባለች ወጣት እንግሊዛዊት በ1940ዎቹ የሰሜን ሮዴዢያንና የኒያሳላንድን፣ ማለትም የዛሬዎቹን የዛምቢያንና የማላዊን፣ ብሔራዊ ገቢ እንድታሰላ ተመደበች። ለንደን ያሉት አለቆቿ የሰጧት ቀመር ለእንግሊዝ የተሰፋ ነበር። መንደር ገብታ ስታይ ግን ማገዶ የሚለቅሙት፣ እህል የሚወቅጡትና ምግብ የሚያሰናዱት ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲባዝኑ ይውላሉ። ይህን ከሒሳቡ ማውጣት የገጠሩን ኢኮኖሚ ትልቁን ክፍል መጣል ነው ብላ ተከራከረች። ክርክሯን የያዘው መጽሐፍ የታተመው በ1953 ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሮች ሁሉ ሒሳባቸውን የሚሠሩበትን ሥርዓት አወጣ። የዲን ማገዶ ለቃሚዎች አልገቡበትም።

አሁን ደግሞ ከዓለም ጥግ ወዳለችው ኒውዚላንድ እንሂድ። በ1975 ማሪሊን ዋሪንግ የምትባል የ23 ዓመት ወጣት ከናሽናል ፓርቲ ተመርጣ ፓርላማ ገባች። ከ1978 ጀምሮ የፓርላማው የመንግሥት ወጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነች። ወንበሩ የማያስቀና ቢመስልም መንግሥት ገንዘቡን ለምን እንደሚያወጣ የሚታየው ከዚያ ነው። ዋሪንግም እዚያ ተቀምጣ ስትመረምር አንድ ነገር ገባት፤ የአገሯ ንጹሕ ውኃና እናቶች ያለ ክፍያ የሚሠሩት ሥራ በሒሳቡ ውስጥ ዋጋቸው ዜሮ ነው። ዋጋው ዜሮ ለሆነ ነገር ደግሞ በጀት ጠያቂ የለውም። ለምን ብላ ስትጠይቅ ደንቡ የተባበሩት መንግሥታት ነው ተባለች።

የፖለቲካ ሕይወቷ ያለቀው በሌላ ጉዳይ ነው። ሰኔ 1984 የኑክሌር መርከቦችን ጉዳይ በተመለከተ ከፓርቲዋ ጋር መቆም እንደማትችል አስታወቀች። የመንግሥቱ ብልጫ በአንድ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ማልዱን በዚያው ሌሊት፣ ሞቅ እንዳለው በቴሌቪዥን እየታየ፣ ድንገተኛ ምርጫ ጠራ። ከወር በኋላ ተሸነፈ። እሷ ከፓርላማ ወጥታ የሒሳቡን ደንብ ከሥሩ አጠናች። በ1988 ያሳተመችው መጽሐፍ ሴቶች ቢቆጠሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚል ነው። ብዙዎች ተቀየሟት፤ የስታቲስቲክስ ሰዎች ግን አንብበዋታል።

በ1993 የዓለሙ ደንብ ታደሰ፤ ሲታደስ የወጣው መስመር ለእኔ ከልብ ወለድ በላይ ነው። ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተው ዕቃ ይቆጠር ተባለ፤ ውኃ መቅዳት፣ እህል መውቃት፣ ቅቤ ማውጣት፣ ቅርጫት መሥራት፣ መጠጥ መጥመቅ። ምግብ አብስሎ ማቅረብ፣ ልጅ ማሳደግ፣ በሽተኛ ማስታመምና ቤት ማጽዳት ግን «አገልግሎት» ናቸውና ከአጥሩ ውጪ ቀሩ። ወደ እኛ ጓዳ ሲመጣ እንግዲህ ጠላው ይቆጠራል፣ ወጡ አይቆጠርም ማለት ነው። እንስራ ተሸክማ ከምንጭ የምትመለስ ሴት እስከ ደጃፏ ድረስ አምራች ናት፤ ውኃውን ድስት ውስጥ ከጨመረችበት ደቂቃ ጀምሮ ግን ሥራ ፈት ትሆናለች። የደንቡ አውጪዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። የቤት ውስጥ አገልግሎት ሁሉ ምርት ከተባለ ሥራ አጥ የሚባል ሰው አይገኝም፣ ስለዚህ ሥራ አጥነትን መለካት አይቻልም ነው ነገሩ። መልሱ ያስኬዳል። የእናቴን ጥያቄ ግን አይመልስም።

በመካከሉ ሌሎች መለኪያዎች ብቅ ብለዋል። የፓኪስታን የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ማህቡብ ኡል ሃቅ ከወዳጁ ከአማርትያ ሴን ጋር ሆኖ በ1990 የሰብአዊ ልማት መለኪያን ለዓለም አስተዋወቀ። ሴን የሰውን ኑሮ በአንድ ቁጥር መጭመቅ ብልግና መስሎት አመንትቶ ነበር። ሃቅ ግን ያንን አሮጌ ቁጥር የሚገዳደር፣ እንደሱው ሸካራ ሆኖ እንደሱ ያልታወረ ቁጥር ያስፈልገናል ብሎ አሳመነው። ስለ ቡታን «ጥቅል ብሔራዊ ደስታ» ብዙ ስለተወራ እኔ አልጨምርበትም። ይህን ብቻ ልበል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 100,000 የሚጠጉ ኔፓልኛ ተናጋሪዎች ከዚያች አገር ተሰድደዋል። በ2010 የደስታ መለኪያው በ33 ነጥቦች ተዘርዝሮ ሲወጣ እነዚያ ሰዎች በመጠለያ ጣቢያ ወይም በባዕድ አገር ነበሩና የጠየቃቸው የለም።

ግንቦት 30 ቀን 2019 የኒውዚላንድ የገንዘብ ሚኒስትር ግራንት ሮበርትሰን «የደኅና ኑሮ በጀት» ያሉትን ሰነድ ለፓርላማ አቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ጃሲንዳ አርደርን ነበሩ። ከአምስት ወራት ገደማ በፊት የአገሪቱ ግምጃ ቤት 12 የኑሮ ዘርፎችን የያዘ መለኪያ አውጥቶ ነበር፤ ጤና፣ መኖሪያ፣ የአካባቢ ሁኔታ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የባህል ማንነትና ሌሎችም። አንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ሲጠይቅ ያ ገንዘብ የትኛውን ዘርፍ እንደሚያሻሽል ማስረዳት ነበረበት። ቀድሞ እያንዳንዱ ሚኒስትር ለብቻው ከገንዘብ ሚኒስትሩ ጋር ይከራከር ነበር፤ አሁን መሥሪያ ቤቶች ተጣምረው እንዲጠይቁ ተበረታቱ። በቤት ውስጥና በጾታ ጥቃት ላይ የተመደበው 320 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር የመጣው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። የተደበደበች ሴት ፖሊስ ጣቢያም፣ ሆስፒታልም፣ ፍርድ ቤትም ትሄዳለችና የእሷ ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተጠቅልሎ አያልቅም። ለአእምሮ ጤና 1.9 ቢሊዮን ተመደበ፤ ቀለል ያለ የጭንቀትና የድባቴ ችግር ላለባቸው 325,000 ሰዎች በየአካባቢው አገልግሎት ይደርሳል ተባለ። ሰው ሲሰቃይ ወጪው ወደፊት በሆስፒታልና በወህኒ ቤት በኩል እንደሚመጣ የበጀት ሰነድ አምኖ ሲጽፍ ማየት ደስ ይላል።

ይሁንና ሁለት ነገሮች ጎረበጡኝ። አንደኛው፣ ይኸው መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ በ2017 ዕዳውን ከጥቅል የአገር ውስጥ ምርት 20 በመቶ ላይ ለማድረስ ቃል ገብቶ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ያው አሮጌው ቁጥር ነው ማለት ነው፤ 12ቱ የኑሮ ዘርፎች የሚነጋገሩት እሱ ካስገባቸው በኋላ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። በኒውዚላንድ ሰዎች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የሚያሳይ አገር አቀፍ ጥናት የተካሄደው በ1998/99ና በ2009/10 ነው። «የጊዜ አጠቃቀም» ከ12ቱ ዘርፎች አንዱ በሆነበት በጀት ላይ ሰነድ አዘጋጆቹ የነበራቸው የመጨረሻ ጥናት ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ነበር። ዋሪንግ በ2018 ሌላ መጽሐፍ ጽፋ ስለ ደኅና ኑሮ መለኪያዎችና ስለ ሴቶች ሥራ እንደገና መከራከሯ አያስገርምም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ሙግት መሟገት ያደክማል መቼም። በ2023 ምርጫ መንግሥቱ ተቀየረ።

ወደ አገራችን ልመለስ። በ2013 የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አካሂዷል። ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት ጀምሮ ያሉ ሰዎች ያለፈውን ቀን 24 ሰዓት በምን እንዳሳለፉት ተጠይቀዋል። ያለ ክፍያ በሚሠራው ሥራ ላይ ሴቶች ከወንዶች እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ የታወቀ ነገር ቢሆንም በመንግሥት መዝገብ መስፈሩ ቀላል አይደለም። በበጀት ወቅት የመንገድ ጥያቄና የወፍጮ ጥያቄ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ የመንገዱ ጥቅም በብር ተሰልቶ ይመጣል፤ ሲሚንቶው፣ የጭነት ዋጋው፣ ገበያው። የወፍጮው ትልቁ ጥቅም አንዲት ሴት የምታገኛቸው ሁለት ሰዓታት ናቸው። ሰዓቷን በሒሳቡ ውስጥ ማን ያግባላት? ጥናቱ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ሴትየዋ ያው «ሥራ የላትም»።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር እናቴ ዘንድ ሄጄ የጥናቱን ጥያቄ ጠየቅኳት። «ትናንትና ከንጋት ጀምሮ ምን ሠራሽ?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሳቷን፣ ሊጡን ማየቷን፣ ለልጅ ልጇ ቁርስ መሥራቷን፣ የታመመች ጎረቤቷን ልብስ ማጠቧን በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። እኔ እጽፋለሁ። ገና አራት ሰዓት ላይ እንደደረስን «ቆይ እስቲ፣ ቡናው ገነፈለ» ብላ ተነሳች።