ንጉሥ ያላነበበው ዜና መዋዕል

ኮርያን ብዙዎቻችን የምናውቃት በ1951 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የቃኘው ሻለቃ ጦር የዘመተባት አገር በመሆኗ ነው። ሕዝቧ ታሪኩን እንዴት አድርጎ እንደ ጠበቀ ማወቅም ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅመናል።

በ1392 በተመሠረተው በጆሶን መንግሥት ዘመን፥ በንጉሡ ፊት የሚነገረውንና የሚደረገውን ሁሉ የሚጽፉ ሊቃውንት ነበሩ። ጽሑፉ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ተሰብስቦ ዜና መዋዕል ይሆን ነበረ፤ ንጉሡ እንዲያነበውም ሥርዓቱ አይፈቅድም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ሲያድን ከፈረስ ወደቀና፥ ታሪክ ጸሐፊው ይህን እንዳይሰማ አዘዘ። ነገር ግን መውደቁም ትእዛዙም ተጻፉ።

ዜና መዋዕሉ በአራት ከተሞች ይቀመጥ ነበረ። በ1592 የጃፓን ጦር በወረረ ጊዜ የሦስቱ ከተሞች መጻሕፍት ተቃጠሉ። የጆንጁን ግን አን ኡይና ሶን ሆንግሮክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ወደ ኔጃንግ ተራራ አሽሽተው አዳኑት፤ ከእርሱም ሌላ ቅጂ ታትሞ ተባዛ። ዩኔስኮም በ1997 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዘገበው። ዛሬ የኮርያ ታሪክ ተመራማሪዎች የ472 ዓመት ታሪክ የሚያነቡት ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ታሪክን በእውነት ለመጻፍ ድፍረት፥ የተጻፈውንም ለትውልድ ለማድረስ ድካም እንደሚያስፈልግ ከእነዚህ ሊቃውንት እንማራለን።