መዋጮ ወይስ ግብር?

በላምበረት መናኸሪያ ዙሪያ ባለ የንግድ ድርጅት የሚሠራ ሰው በደመወዝ ወረቀቱ ላይ «የሥራ ግብር» እና «ጡረታ» ተብለው ጎን ለጎን የተጻፉትን ተቀናሾች የአንድ እናት ልጆች አድርጎ ቢቈጥራቸው አይፈረድበትም፤ ሕጉ ግን በየስማቸው አጥምቋቸዋል። ግብር ለመንግሥት የሚገባ፥ ከፋዩም በምላሹ ለራሱ የተለየ ነገር የማይጠይቅበት ነው። ጡረታ ግን ጦረ፥ በግእዙም ጾረ፥ ማለት ተሸከመ፥ ከሚለው ግሥ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፥ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው 7፥ አሠሪው 11 በመቶ የሚያስገቡትን ገንዘብ እንደ ዕድርተኛ ልማድ «መዋጮ» ብሎ ጠርቶ፥ ለጡረታ ብቻ በተለየ ፈንድ ውስጥ ያኖረዋል።

ነገሩን የሚያወሳስበው፥ የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ የመሠረተው አዋጅ ቁጥር 715/2003 መሰብሰቡን ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት መስጠቱ ነው፤ ስለዚህም በባሕርዩ መዋጮ የሆነው በአሰባሰቡ ግብርን መሰለ። በአሜሪካ እንኳ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በ1937 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መሳይ ክፍያ ግብር ነው ብለው አጽንተው፥ በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ መክፈል ብቻውን የንብረት መብት አያስገኝም ብለዋል።

በእኛ ዘንድ የሥራ ግብር የሚሰላው 7 በመቶው ሳይነሣለት በመላው ደመወዝ ላይ ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው በእጁ ላልገባ ገንዘብ ጭምር ይገብራል፤ ይህ ለእኔ ርትዕ አይመስለኝም። አንተም አንባቢ ሆይ፥ ከደመወዝህ የተቀነሰው በስምህ ለፈንዱ መግባቱን አሠሪህን ጠይቅ።