ጓዳና አዳራሽ

ታሪካችን በአብዛኛው የተጻፈው ከአዳራሹ በኩል ነው። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ከዙፋኑ ግርጌ ቆሞ የተሾመውንና የተሻረውን፣ የዘመተውንና የገበረውን፣ የታረደውን ሰንጋና የተቀዳውን ጠጅ ሳይሰለች መዝግቦ አቆይቶልናል፤ ለዚህም ባለውለታችን ነው። ከመጋረጃው በስተኋላ ወዳለው ክፍል ግን ዐይኑን እምብዛም አላሻገረም። ለመሆኑ ያ ሁሉ እንጀራ ከየት መጣ? ከአንዱ አዝመራ እስከ ሌላው ድረስ እህሉን ከነቀዝ፣ ቅቤውን ከሽታ፣ ጨውን ከርጥበት ጠብቆ ያቆየው ማን ነው? በምንስ ዘዴ? ጥያቄው የወጥ ቤት ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሰፊው ሕዝብ ያፈራው ሀብት ከአውድማ ወደ ገበታ የሚሻገረው በጓዳ በኩል ስለሆነ፣ ጓዳውን ሳይመለከቱ አዳራሹን አውቃለሁ ማለት አስቸጋሪ ነው።

በመድረኮቻችንም ላይ ነገሩ ያው ነው። እንግዳ ሲመጣ የቤቲቱ እመቤት «ወደ ጓዳ» ትገባለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞሰቡን ይዛ ትመለሳለች። በመካከሉ የሠራችውን ተመልካች አያይም፤ ጸሐፌ ተውኔቱም አይጽፈውም።

ጓዳ የቤቱ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ እንግዳ አይዘልቀውም። የቤተሰቡ ጥጋብና ችጋር የሚታወቀው፣ ገመናው የሚሸፈነው በዚያ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ዕውቀት በቋንቋችን ባልትና ይባላል፤ ቃሉ ባልቴት ከሚለው ጋር ያለው ዝምድና ዕውቀቱ የማን እንደ ነበረ ይመሰክራል። ዛሬ ባልትና ሲባል የተዘጋጀ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥበት ሱቅ ይታወሰናል። የቃሉ ስፋት ግን ከማጣፈጥ ያለፈ ነው፤ መለየትን፣ መመጠንን፣ ማጽዳትን፣ በቦታ በቦታው ማስቀመጥንና ማቆየትን ሁሉ ያጠቃልላል።

እስቲ የደጋውን አርሶ አደር ቤት እንመልከት። ከደጅ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ጎተራ አለ፤ በልምጭ ወይም በቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት ይመረጋል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ከውስጥ ጎታው ይቆማል፤ ይህም ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ከተቦካ ጭቃ በእጅ የሚገነባ ነው። አንዳንዱ ጎታ ከግርጌው በውታፍ የሚዘጋ ቀዳዳ አለው። አዲሱ እህል ከላይ ይገባል፤ የቆየው ከታች ይወጣል። የዘመናችን የመጋዘን ሠራተኛ «ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ» እያለ በትምህርት ቤት የሚያጠናውን ሕግ በዚህ ቤት ጭቃው ራሱ ያስከብረዋል። ለዘር የተመረጠው የማሽላና የበቆሎ ራስ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ያደርቀዋል፤ ተባይም ያርቅለታል። አሞሌ ጨው በክረምት እንዳይሟሟ ወደ ምድጃው ይጠጋል። ጋንና እንስራ ከግድግዳው ሥር፣ ስልቻና አቁማዳ ከግድግዳው ላይ፣ ቅልና አገልግል ከማገሩ ላይ ቦታ ቦታ አላቸው። በጨለማ ገብታ የምትሻውን ሳትዳስስ የምታነሳ ሴት ባለሙያ ትባላለች።

የእህሉም ጠባይ ተጠንቶ ነበር። ጤፍ በደቃቅነቱ ነቀዝ ስለማይደፍረው ለዓመታት ይቆያል። ባቄላና ሽንብራ ግን ቶሎ ይበላሉ፤ ስለሆነም ከጤፍ ጋር ይቀላቀላሉ። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል፤ ነቀዙ መተላለፊያና አየር ያጣል፤ በሚፈለግበት ጊዜ ሁለቱን ለመለየት አንድ ወንፊት ይበቃል። በሐረርጌ ማሽላ የሚከተትበት ጉድጓድ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። አፉ ከታሸገ በኋላ እህሉና ተባዩ በውስጥ ያለውን አየር ጨርሰው ተባዩ ይሞታል። ጉድጓዱ በተከፈተበት ሰዓት ዘሎ የሚገባ ሰውም አብሮ ሊታፈን ስለሚችል አየር እስኪገባው ይጠበቃል። ይህ ዘዴ ፍጹም ነው ማለት አይደለም፤ እርጥበት ሲገባ እህሉ ይሻግታል፤ ሽታውም ይለወጣል። ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ ሲነጠር ውሃውና አሬራው ይወጣለትና ለወራት ይከርማል። ማንም ለዚህ ሁሉ የፈጠራ የምስክር ወረቀት አልተቀበለም።

ሥርዓቱ ደግሞ ያለ ጽዳት አይቆምም። ነቀዝ በባዶ ጎተራ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ አዲሱን እህል የሚጠብቅ ጠላት ነው። ስለዚህ አዝመራ ከመግባቱ በፊት ጎተራው ተራግፎ ይጠረጋል፤ የተሰነጠቀው በእበት ይለቀለቃል፤ ውስጡም ይታጠናል። የጠላው ጋንና እንስራ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። እህሉ በሰፌድ ይንገዋለላል፤ በወንፊት ይነፋል፤ በእጅ ይለቀማል። ከዚህ ጓዳ ተጠርጎ የሚጣለው ጥቂት ነበር። ጥራጊው ለዶሮ፣ ገለባው ለከብት ይሆናል። የተሰበረው ገንቦ እንኳ ገል ተብሎ ፍም መጫሪያ ይሆናል፤ የተሰነጠቀው ቅል እህል መዝገኛ። የዛሬው የከተማ ጓዳ በባዶ ጠርሙስና በላስቲክ ከረጢት ተጨናንቆ ስናይ ልዩነቱ የእቃው ብዛት ብቻ አይመስለንም፤ እያንዳንዱ እቃ ሁለተኛ ሥራ የነበረው መሆኑም ጭምር ነው።

ይሁንና ጓዳውን አስውበን ብቻ ብንናገር ታሪኩን እናጎድለዋለን። የጓዳው ሥርዓት የኅብረተሰቡም ሥርዓት ነበር። በባለርስቱ ቤት ማኛው ለጌታና ለእንግዳው፣ ሰርገኛው ለቤተሰቡ፣ ዳጉሳውና ገብሱ ለአሽከሩና ለገረዲቱ ተለይቶ ይቀመጣል። ለይታ የምታስቀምጠው ራሷ ገረዲቱ ናት። ሌሊት ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ተንበርክካ የፈጨችው ዱቄት ለማን እንደሚጋገር ከማንም በላይ ታውቃለች። በቤተ መንግሥት ይኸው ነገር በቁና ሳይሆን በጋን ይቆጠራል። የዐፄ ምኒልክ ግቢ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ተከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ አዛዥና አሳላፊ ተመድቦለት ይሠራ ነበር። ከእነዚህ ሹማምንት በታች ስማቸው ያልተጻፈ፣ ብዙዎቹም በባርነት የተያዙ ሴቶችና ወንዶች ነበሩ። የሁዳድና የማድ ቤት መሬት ምርት ወደዚያ ይጎርፋል፤ ገባሩ ማሩን፣ እህሉንና ፍሪዳውን ተሸክሞና ነድቶ ያደርሳል። በ1890 ዓ.ም. የተሠራው ታላቁ የግብር አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየተራ የሚያስተናግድ ነበር። አዳራሹን ያሠራው ንጉሥ ስም ይታወሳል።

እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የቆየ ታላቅ ግብዣ አድርገው ነበር። ጄምስ ማካን የተባሉት የታሪክ ምሁር ይህን ግብዣ በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ላይ ተመርኩዘው ሲተነትኑ፣ የልዩ ልዩ አካባቢ ምግቦች በአንድ ገበታ ተገናኝተው ዛሬ የኢትዮጵያ ወጥ የምንለው ነገር ቅርጽ ሲይዝ የታየበት አድርገው ያቀርቡታል። አመለካከታቸው የሚናቅ አይደለም። በዚያው ዓመት ግን ኢጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የከብት ቸነፈር ወደ አገሪቱ ገባ። በሬ አለቀ፤ ሞፈርና ቀንበር ያለ ሥራ ተሰቀለ፤ ድርቅና አንበጣም ታከለበት። እስከ 1892 እ.ኤ.አ. የዘለቀው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ይባላል። ምኒልክ ጎተራቸውን እንዳስከፈቱና ለምሳሌነት ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ተጽፏል። የገበሬው ጎተራ ግን የሚከፈት ነገር አልነበረውም፤ መጀመሪያ እህሉ፣ ቀጥሎ ዘሩ ተበላ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። እንግዳ አይዘልቀውም ባልነው ጓዳ ወታደር ግን ይዘልቅ ነበር። በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ የገባ ጭፍራ የቤቱን እህልና ቅቤ እንደ ራሱ ያዝዝ ነበር። በ1892 እ.ኤ.አ. የታወጀው አሥራት ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው፤ ገበሬው ከምርቱ አንድ አሥረኛውን ለመንግሥት ጎተራ ገቢ አድርጎ ወታደሩ ከዚያ እንዲቀለብ ነበር የታሰበው። እህሉን እስከ ጎተራው ማጓጓዝ ግን በገባሩ ጫንቃ ላይ ቀረ፤ ተሰሪም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም።

አራት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ደረሰ። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲነገር የመጀመሪያው ምላሽ የተሰጠው ከጓዳ ነው ብንል አልተጋነነም። ገብስ ተቆልቶ በሶ ሆነ፤ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ፣ ሥጋ ተዘልዝሎ ቋንጣ፣ ሊጥ ተቆራርጦ ዳቦ ቆሎ ሆነ። እነዚህ ምግቦች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ውሃቸው ወጥቷል፤ ስለዚህ ይቀላሉ፣ ይቆያሉ፣ ብዙ እሳት አይጠይቁም። መቶ ሺህ ገደማ የሚገመተው ሠራዊት ለወራት የተጓዘው ይህን በስልቻ ይዞና በየመንገዱ ካለው ገበሬ እየወሰደ ነው። የተሸከሙት፣ የፈጩትና የጋገሩት ሴቶችም አብረው ዘምተዋል። በየካቲት አጋማሽ ሁለቱም ጦሮች ጓዳቸው ተሟጥጦ ነበር። ባራቲዬሪ የምኒልክ ጦር በረኃብ እስኪበተን መጠበቅ ፈለገ፤ የራሱ ስንቅ ግን በቀናት የሚቆጠር ሆነበት። የካቲት 21 ቀን ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲማከር፣ ወደ ኋላ ማፈግፈጉን ተቃውመው እንዲያጠቃ ገፋፉት። የካቲት 23 ማለዳ ውጊያው ሲጀመር ከኢትዮጵያው ሠራዊት ከፊሉ ቀለብ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። አድዋን የጀግንነት ድል አድርገን እንዘክረዋለን፤ በእርግጥም ነው። ከጀግንነቱ በፊት ግን ሁለት ጓዳዎች የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ሲተያዩ ሰንብተዋል፤ በዚያ ፍጥጫ ውስጥ የበሶው ድርሻ እስካሁን በቅጡ አልተመዘነም።

ስለ ጽዳት ከተነሣ ኅዳርን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ወረርሽኙን ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌሎችም የከተማይቱን ሙታን ወደ 10,000 የሚያደርስ ግምት ይጠቅሳሉ። አስታማሚና ቀባሪ በጠፋበት በዚያ ወር የብዙ ቤት ምድጃ ጠፍቶ ሰነበተ፤ ጎተራው ሞልቶ እንኳ ቢሆን የሚፈጭና የሚጋግር ከሌለ ረኃብ ይገባል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቤቱንና ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን በየደጁ የማቃጠሉ ልማድ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው፣ ከዚህ መከራ ጋር ተያይዞ ይተረካል። ጭሱ ኢንፍሉዌንዛን እንደማያባርር ዛሬ እናውቃለን፤ በከተማም የፕላስቲክ ጭስ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ቀኑ ግን በአጋጣሚም ይሁን በሌላ ምክንያት የተመቸ ቀን ነው። ኅዳር አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር ነው፤ አሮጌው እህል ተሟጦ አዲሱ ገና ከአውድማ አልገባም። ጓዳ በዓመት ውስጥ ባዶ ወለሉ የሚታይበት፣ የነቀዙ ስንጥቅ የሚገኝበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነው። በመጥረጊያዋ ከማገሩ እስከ ወለሉ የምታራግፈው እናት የሳንባ በሽታን ባታግድም የዓመቱን ቀለብ ትጠብቅ ነበር።

በ1919 ዓ.ም. ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከሎች እንደ አንዷ ቆጠራት። ናሙናውን ከማሳና ከገበያ ሰበሰበ። ያ ልዩነት እስከዚያ ዘመን የደረሰው ግን በየዓመቱ ከምርቱ የተሻለውን ራስ መርጠው፣ ከሚበላው ለይተው ከጭሱ በላይ በሰቀሉ እጆች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሲቋቋም ዓላማው ይኸው ምርጫ እንዳይጠፋ ማድረግ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ብዙ ገበሬ ዘሩን ሲበላ ይህ ዓላማ የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ታየ። ማዕከሉን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ገበሬውን ራሱን የዘሩ ጠባቂ አድርገው ከእርሱ ጋር በመሥራታቸው በ1982 ዓ.ም. አማራጩ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

ዛሬ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማከማቻ ውስጥ ዘሩ ተለቅሞና ደርቆ፣ ታሽጎና ቁጥር ተሰጥቶት፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሠራተኞቹ በየጊዜው ጥቂት ፍሬ አውጥተው የመብቀል ኃይሉን ይፈትሻሉ፤ የደከመውን ወስደው ይዘሩታል፤ አዲሱን አጭደው፣ ለቅመውና አድርቀው ወደ ቦታው ይመልሱታል።