ፊቷ ጉልላቱ ላይ፣ ስሟ የት?

ዋሽንግተን ዲሲ ባለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለሴት ሠዓሊያን ክብር በተዘጋጀ ግብዣ ላይ ተገኝቼ ነበር። ንግግሩ ጥሩ ነው፣ ምግቡም አይከፋም፤ የእኔ ዓይን ግን ግድግዳው ላይ ቀረ። በ1897 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተከፈተው የጄፈርሰን ሕንፃ ውስጥ የትም ብትዞሩ ሴት አለች። ጥበብ ሴት፣ እውቀት ሴት፣ አራቱ ወቅቶች ሴት። ደረጃው ላይ የምትቀበላችሁ የሞዛይክ ሚኔርቫ የኤሊሁ ቬደር ሥራ ናት፤ ወቅቶቹ የፍራንክ ቤንሰን። ሁለቱም ወንዶች።

ከሚኔርቫ አልፋችሁ ወደ ንባብ አዳራሹ ጉልላት ቀና በሉ። ኤድዊን ብላሽፊልድ የሣላቸው 12 ባለ ክንፍ ምስሎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ አንድ አገር ወይም ዘመን ለሥልጣኔ ያዋጣውን ይወክላል። ለአሜሪካ የደረሳት ሳይንስ ነው፦ የአብርሃም ሊንከን ፊት ያለው መሐንዲስ ዳይናሞ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያስባል። (ኢንጂነር ነኝና ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።)

ኢጣሊያ የምትወክለው ሥነ ጥበብን ነው። ፊቷ የተወሰደው ከኤሚ ሮዝ፣ ከአንዲት የኒው ዮርክ ወጣት ቀራፂ ነው። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ራሷ ቀራፂ የሆነች ሴት ሥነ ጥበብን ወክላ እዚያ ከፍታ ላይ ወጣች፤ የወጣችው ግን በእጇ ሥራ ሳይሆን በመልኳ። ለእንግሊዝ ፊቷን ያዋሰችው ተዋናይት ኤለን ቴሪ እንኳ በራሷ ዝነኛ ነበረች። የኤሚ ሮዝ ስም እኔ ጋ የደረሰው በብላሽፊልድ በኩል ነው።

ሥራዬ ዳታቤዝ ስለሆነ ነገሩ እንዲህ ታየኝ፦ ካታሎግ ውስጥ «ሠሪ» እና «ርዕሰ ጉዳይ» የተለያዩ መስኮች ናቸው። የመጀመሪያው ውስጥ ያለች ሴት በስሟ ትፈለጋለች፤ ሁለተኛው ውስጥ ያለችው ሌላ ሰው ሲፈለግ ነው የምትገኘው።

የሚችሉ ሴቶች ስላልነበሩ እንዳይመስላችሁ። በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሶፊያ ሃይደን የነደፈችው የሴቶች ሕንፃ ነበር። ሜሪ ካሳት ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ሠርታለታለች፤ በሴቶች የተጻፉ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት የያዘ ቤተ መጻሕፍትም ነበረው። ሕንፃው ፈረሰ፣ የካሳት ሥዕልም የገባበት ጠፋ። የዋሽንግተኑ ግን ከድንጋይ ነው የተሠራው።

ብላሽፊልድ ጉልላቱን በሚሥልበት ሰሞን፣ በ1896 ገደማ፣ እዚያው ዋሽንግተን ስቱዲዮ የነበራት ፎቶ አንሺ ፍራንሲስ ቤንጃሚን ጆንስተን ራሷን አነሳች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ተሰብስቧል፤ በአንድ እጇ ሲጋራ፣ በሌላው የቢራ ኩባያ ይዛለች። ፎቶው ዛሬ የዚሁ ቤተ መጻሕፍት ንብረት ነው። ኢንተርኔት ላይ በስሟ ፈልጉት፤ ሠሪዋም ርዕሰ ጉዳይዋም እሷው ናት።