ከመቅደስ መጋረጃ እስከ ዳዊት ሽፋን

የጎንደር ሐር ጎንደር አልበቀለም። ከሩቅ ምሥራቅ በቀይ ባሕር ተሻግሮ ምጽዋ ይራገፍና በነጋዴ ቅፍለት ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ለባላገሩ የሚደርሰው አንገቱ ላይ የሚያስራት ሰማያዊ ማተብ ነበረች፤ ከፋዩ፣ ግምጃውና ወርቀ ዘቦው የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ነበር።

እኔን ግን ከውጭው ግምጃ ይልቅ እዚሁ የተሠራው መጋረጃ ይደንቀኛል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ውስጥ እንደተሠሩ ከሚታመንባቸው አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ቶሮንቶ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም አለ። የቶሮንቶው ሦስት ቁራጭ ጎን ለጎን የተያያዘ ሲሆን ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ድሩ የሚያልፈው ጥጋቸው በተበሳ ትንንሽ ሰሌዳዎች ነው፤ ሸማኔው ባዞራቸው ቁጥር ክሩ እየተገመደ ሥዕል ያወጣል። በዚህ ስልት መቀነትና ጥብጣብ የሚሠራ ብዙ አገር አለ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎች ደርድሮ የመቅደስ መጋረጃ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የለንደኑ ላይ የሚታዩትን ንጉሣውያን አፄ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ናቸው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። በጎንደር ሽመና በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ስለነበር፣ መጋረጃውን የሠራው እጅ ምናልባት ታቦቱን የማይሳለም ነበር።

መጋረጃዎቹ ከአገር የወጡት በመቅደላ በኩል ሳይሆን አይቀርም። ዓፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው የአብያተ ክርስቲያኑን ሀብት ወደ መቅደላ አጋዙ። በ1868 የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር አምባውን ያዘ፤ ምርኮው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተቸበቸበ። ብሪቲሽ ሙዚየም ቅርስ እንዲሰበስብለት ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የራሱን ሰው ከጦሩ ጋር ልኮ ነበር።

ያረጀ ሐር በገዛ ክብደቱ ይቀደዳል፤ ብርሃን የበላው ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሙዚየሞች መብራቱን 50 ሉክስ ገደማ አድርገው ያደበዝዛሉ፣ ያልተሰቀለውንም ሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቀልሉታል፤ የታጠፈ ሐር እጥፋቱ ላይ ይሰበራልና። በየደብሩ ዕቃ ቤት ጨርቅ የሚቀመጠው ግን ታጥፎ ነው፤ የጧፍና የዕጣን ጢስም ጠግቧል።

ከሁሉ የበለጠ ጠባቂ ሳያስበው የሆነው መጽሐፍ ደጓሹ ነው። ቆዳውን በእንጨት ገበታው ላይ ስቦ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሲመልሰው መሐሉ ላይ ባዶ መስኮት ይቀራል። እሷን በቁራጭ ግምጃ ይሸፍናታል። መጽሐፉ ሲዘጋ ፀሐይ አያገኛትም፣ ክብደት አይጎትታትም። የጎንደር መኳንንት ካባ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ማየት የፈለገ ሰው ያረጀ ዳዊት ይግለጥ፤ ጽሑፉ ጋ ሳይደርስ፣ እሽፋኑ ውስጥ።