ውሃው ተከትሏቸው መጣ

ስሙኝማ፤ ስለ አንድ ሜዳ ልንገራችሁ። ከጋምቤላ ከተማ በኢታንግ በኩል ባሮን ተከትላችሁ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ኮረብታ የለው፣ ድንጋይ የለው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ዝርግ የሆነ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ባሮ በኢሉባቦርና በወለጋ ደጋ የዘነበውን ሁሉ ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ጋምቤላ ላይ ጠብ ሳይል እንኳን ወንዙ ሞልቶ ከዳርቻው ሊወጣ ይችላል።

የአገሩ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የኑዌር ሕዝብ በበጋ ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ክረምት ሊገባ ሲል ወደ ከፍታው ይመለሳል። ከፍታ ስላችሁ ተራራ እንዳይመስላችሁ። ከአካባቢው አንድ ሁለት ክንድ ከፍ ያለ መሬት ከተገኘ ከፍታ እርሱ ነው፤ ጎጆ የሚቀለሰውም እዚያ ላይ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ታስፈልገናለች።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ከድንበሩ ማዶ፣ በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ተኩስ ተከፈተ። ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ከሆነች ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የቀድሞ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ጠብ ወደ ጦርነት ተለወጠ፤ እሳቱ የጆንግሌይንና የላይኛው ናይልን ግዛቶች በላ። ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ እኛ ሸሸ። በፓጋክ፣ በቡርቤይ፣ በአኮቦ እየተሻገረ ገባ። በበዛበት ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ይገባ ነበር። ከሚሻገሩት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕጻናት ነበሩ፤ ወንዶቹ ወይ ጦርነት ላይ ናቸው፣ ወይ ሞተዋል።

ጋምቤላ ስደተኛ ስትቀበል የመጀመሪያ ጊዜዋ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ኢታንግ በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ነበር፤ ፑኝዶም ያለ ወላጅ የተሰደዱትን በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች አስጠግታ ነበር። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሰሞን ተነቅሎ ወደ ሱዳን ተመለሰ። አሁን የእነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ያንኑ ድንበር እየተሻገሩ መጡ። ሐምሌ 2006 ሲያልቅ ኢትዮጵያ የምታስጠልላቸው ስደተኞች ቁጥር 629,718 ደረሰ፤ ኬንያን በልጣ ከአፍሪካ አንደኛ ሆነች።

ሐኪሞቹም መጡ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ድርጅት ሰዎቹን ከየአገሩ ሰብስቦ ላከ፤ የመንግሥት የስደተኞች መሥሪያ ቤት ጤና ጣቢያ ከፈተ፤ ከደጋው ወጣት ነርሶችና ጤና መኮንኖች ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ወረዱ። ማንም አላስገደዳቸውም። ሙቀቱ ቀን ከሌት የማይለቅበት፣ ወባው ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋበት አገር መሆኑን እያወቁ ነው የመጡት። የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ የሚያውቋት ቃል «ማሌ» የምትለዋ የኑዌር ሰላምታ ብቻ ናት። እርሷም ብትሆን በር ታስከፍታለች።

ድንበሩ ላይ ሥራው የሚጀምረው በክንድ ነው። በሕጻኑ ክንድ ላይ ባለ ቀለም መለኪያ ይጠመጠማል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ተርቧል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወዲያው በለውዝ ወደተሠራው አልሚ ምግብ፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ካለበት ደግሞ ወደ አልጋ ይሄዳል። የኩፍኝ ክትባትም እዚያው ይሰጣል፤ በተጨናነቀ ሠፈር ኩፍኝ ከገባ የተራበን ልጅ አይምርም። የኮሌራ ክትባት በአፍ ተሰጠ፣ ሁለት ጊዜ፤ እሱም ደኅና ሄደ።

ክፉ የሆነው ሄፓታይተስ ኢ ነው። ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ዓይነት ቢጫነት ያመጣል፤ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሰው ይሄዳል። አድብቶ የሚኖር በሽታ ነው፤ ቫይረሱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ ነው ዓይን ቢጫ የሚሆነው። ስለዚህ ዛሬ የታመመውን ስታዩ፣ የምታዩት ያለፈው ወር የጠጣውን ውሃ ነው። የሚፈውስ መድኃኒት የለውም። አብዛኛው ሰው አርፎ፣ ፈሳሽ ወስዶ ይድናል። ነፍሰ ጡር ሴት ግን፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከያዛት፣ ከአራት አንዷን እስከ መግደል ይደርሳል። ክትባቱ ያን ጊዜ ፈቃድ ያገኘው በቻይና ብቻ ስለነበር ጋምቤላ አልደረሰም።

ከ2006 የበልግ ወራት ጀምሮ በሌችዎር፣ በኩሌና በቲርኪዲ ሠፈሮች ከ1,000 በላይ ሰው በዚህ በሽታ ታመመ። እስቲ ራሳችሁን በአንዲት አዋላጅ ነርስ ቦታ አድርጉት። ዓይኗ ቢጫ የሆነ እርጉዝ ሴት ትመጣለች። ግሉኮስ ትሰቅላላችሁ፣ ደም እንዳይፈሳት ትከታተላላችሁ፣ ከአልጋዋ አጠገብ አትለዩም። ሌላ የምታደርጉት የለም። ሊያድናት ይችል የነበረው ከወር በፊት ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ነበር፤ ያ ደግሞ የሐኪም ሥራ አይደለም ተብሎ ለሌላ ሰው የሚተው ነው። ሐኪሞቹ ግን አልተዉትም። ውሃ የሚያክሙ ባለሙያዎችን ከነርሶቹ እኩል አሰለፉ። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ ማድረስ የሕክምናው አካል ሆነ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር እንመለስ። ሌችዎር በጥር 2006 ሲከፈት ሜዳው ደረቅ ነበር። በቀን ሺህ ሰው እየገባ መሬት መምረጫ ጊዜ የለም፤ ወደ 48,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሠፈረበት። ነሐሴ ላይ ዝናቡም ባሮም አንድ ላይ መጡ። ድንኳኑ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዶቹ ሞልተው ከጎርፉ ጋር ተደባለቁ፤ መንገዱ ተቆረጠ። አጠገቡ ያለው የኒፕ ኒፕ ሠፈርም እንዲሁ ሆነ። ጥይት ያመለጠ ሕዝብ ሄፓታይተስ ኢ በገባበት ሠፈር ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆመ። ያ ሜዳ ሲመረጥ አንድ የኑዌር ሽማግሌ «በክረምት ከብትዎን የት ያደርሳሉ?» ተብለው ቢጠየቁ መልሱን በጣታቸው ይጠቁሙ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ያኔ ሌሊት ከቀን የሠሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ የሚቀጥለው ሠፈር ስለማይቀር ነው።

ታዲያ ያን ክረምት ሠፈሩን ማን አቆመው? እኔን ብትጠይቁኝ ቀድሜ የምጠራው ከስደተኞቹ መካከል የተነሡትን የጤና በጎ ፈቃደኞች ነው። ቤታቸው እንደ ጎረቤታቸው በውሃ የተከበበ፣ ልጆቻቸው እንደ ሌላው ልጅ የሚያስነጥሱ፣ ለመደጎሚያ የምትሆን ጥቂት ብር ብቻ የሚያገኙ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ጠዋት ጭቃውን እየረገጡ ከድንኳን ድንኳን ይዞራሉ። ጄሪካኑን ከፍተው ያያሉ፤ ክሎሪን መኖሩን ይፈትሻሉ። የሕጻኑን ዓይን ገልጠው ያያሉ። ተቅማጥ የያዘውን ኦአርኤስ ያጠጣሉ፤ ፓኬቱ ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥን ለእናቲቱ ያሳያሉ። እርጉዝ ሆና የደከማትን ሴት በሸክምም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። ከሩቅ የመጣው ሐኪም የሚያክመው እነርሱ ያገኙለትን ሰው ነው። የቋንቋውም ድልድይ እነርሱ ነበሩ፤ ነርሷ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የጠየቀችውን ወደ ኑዌር ቋንቋ አዙረው፣ መልሱን አለሳልሰው ያመጡላታል። የውጭ ሰው ተራው ሲያልቅ ይሄዳል፣ ሌላ ይተካል። እነርሱ የሚሄዱበት የላቸውም።

በ2007 ዓ.ም. ሌችዎር ተዘጋ። በዚያ ዓመት መጋቢት ከጋምቤላ ከተማ ብዙም በማይርቅ ከፍ ያለ መሬት ላይ ጀዊ የተባለ ሠፈር ተከፍቶ ነበርና ሕዝቡ ወደዚያ ተጓጓዘ። አሮጊቶች፣ አራሶች፣ በሽተኞች ከነማሰሮአቸው፣ ከነሰሌናቸው። ካርዱ፣ መዝገቡና የሕክምና ተራው ሁሉ አብሮ ተጓዘ። ጀዊ ሲደርሱ ቀድመው ሥራ የጀመሩት እነዚያው ቤት ለቤት የሚዞሩት ሰዎች ነበሩ፤ የትኛዋ እናት የት እንደሠፈረች የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ናስር አካባቢ እንደገና ጦርነት ተነሣ፤ ሰው እንደገና ተሻገረ፤ ኮሌራም አብሮ ወደ አኮቦና ወደ ሌሎቹ የድንበር ወረዳዎች ገባ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በጋምቤላ ማታር ላይ ድንኳን ተከሉ። በዚያው ዓመት ግን ከዓለም የሚመጣው የእርዳታ ገንዘብ ተቆረጠ፤ በጋምቤላ ካሉት ሠፈሮች በአንዳንዶቹ የተጎዱ ሕጻናትን የሚያክሙት የምግብ ማዕከላት ሥራ አቆሙ። እናቶች ልጆቻቸውን ከሌላ ሠፈር አዝለው ወደ ኩሌ መምጣት ጀመሩ። የክንዱ መለኪያ እዚያ ይጠመጠም ነበር፤ የለውዙ ምግብ ይሰጥ ነበር። የሚመጣው ሕጻን ግን ከአልጋው በላይ ሆነ።