ወተቱ ነግሯቸው ነበር

«ተመስገን፣ በሰላም ገባን!» ከመንገድ ሲመለስ ይህን የማይል ሰው የለም። ዛሬ የማነሳላችሁ በዚሁ ቃል ማስጠንቀቂያዎቿ የታለፉ የአንዲት መርከብ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

ስሟ ፕሪንሰስ ቪክቶሪያ ይባላል። ስኮትላንድ ውስጥ ደምባርተን በተባለች ከተማ ተሠርታ በ1947 ሥራ ጀመረች። ሥራዋ ከስኮትላንዷ ስትራንራር ወደ ሰሜን አየርላንዷ ላርን ሰውና መኪና ማመላለስ ነበር። የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት፤ ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ ዘመድ ጠያቂው ሁሉ የሚሳፈርባት፣ እንደ አውቶቡስ የምትቆጠር መርከብ።

ለዘመኑ ግን አዲስ ነገር ነበረች። ያኔ መኪና በአብዛኛው መርከብ ላይ የሚጫነው በክሬን ተንጠልጥሎ ነው። እሷ ከኋላዋ በር ስላላት መኪናው ራሱ እየተነዳ ይገባል፣ ሲደርስም እየተነዳ ይወጣል። እስከ 1,500 ሰውና 40 መኪና ትይዛለች። ጊዜ ቆጠበች፣ ተወደደች።

ችግሩ የነበረው እዚያው የተወደደችበት ቦታ ላይ ነው። የመኪናው ወለል ከዳር እስከ ዳር ክፍት አዳራሽ ነው። ውሃ ከገባ የሚያግደው ግድግዳ የለም፤ ወደ አንድ ጎን ተጠራቅሞ መርከቧን ያዘነብላል። ስለዚህ ሁለት ነገር የግድ ያስፈልጋል፦ የማይበገር በርና ውሃውን ቶሎ የሚያስወጣ ማፍሰሻ።

ሁለቱም እንደማይበቁ መርከቧ ራሷ ተናግራለች። አንድ ጊዜ በመኪናው ወለል ላይ ወተት ፈሰሰ። ወተቱ በማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ቶሎ አልወጣም፤ ተኛ። በኖቬምበር 1951 ደግሞ ማዕበል የኋላ በሯን ጎዳው። ሁለቱም ጊዜ በሰላም ገባች። ሕጉ የበሩ ጉዳት ሪፖርት እንዲደረግ ቢያዝም አልተደረገም። ከላይ የሚወርድ ተጨማሪ መዝጊያ ነበራት፤ ማውረድና ማንሳቱ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ እምብዛም አይነካም ነበር።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1953፣ ከጠዋቱ 1:45 ላይ የማዕበል ማስጠንቀቂያ እያለ ከስትራንራር ተነሳች። በዚያው ሌሊት ሆላንድን አጥለቅልቆ ከ1,800 በላይ ሰው የፈጀው ማዕበል ነው ያገኛት። ከባሕረ ሰላጤው አፍ እንደወጣች ማዕበሉ የኋላ በሩን ሰበረው። ውሃው ገባ፤ እንደ ወተቱም መውጫ አጣ። መርከቧ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረች።

የሬዲዮ ሠራተኛው ዴቪድ ብሮድፉት ከ3:46 ጀምሮ በሞርስ የእርዳታ ጥሪ ሲያሰማ ቆየ። መርከቧ ያለችበት ቦታ በትክክል ስላልታወቀ ሊረዱ የወጡት በተሳሳተ ቦታ ፈለጓት። የመጨረሻው መልእክቱ የተሰማው በ7:58 ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ከመሣሪያው አልተነሳም፤ ከመርከቧ ጋር ሄደ። የጆርጅ መስቀል ሜዳይ ከሞተ በኋላ ተሸለመ።

ሴቶችና ሕፃናት ቅድሚያ ተሰጥቷቸው በነፍስ አድን ጀልባ ተሳፍረው ነበር፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ከመርከቧ ጎን ጋር አላተማት። ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሰሜን አየርላንድ የገንዘብ ሚኒስትር ሜይናርድ ሲንክሌር አንዱ ናቸው። 44 ሰዎች ተረፉ፤ ሁሉም ወንዶች።

ቤልፋስት ላይ የተቀመጠው መርማሪ ጉባኤ ጥፋቱን በባለቤቶቹና በአስተዳዳሪዎቹ ላይ ጣለ። በሩ ደካማ ነው፤ ማፍሰሻው አይበቃም፤ የ1951ዱ ጉዳት ትምህርት አልሆነም አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በ1983 አንዲት የእንግሊዝ መርከብ በሯን ሳትዘጋ ወጥታ በሰላም ደረሰች። የመርከብ አዛዦች «በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት ይገጠምልን» ብለው ጠየቁ፤ ኩባንያው አልተቀበላቸውም። በ1987 እህት መርከቧ ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ ከቤልጂየሙ ዜብሩጅ ወደብ በሯ ክፍት እንደሆነ ወጣች። ውሃው በመኪናው ወለል ገባና ገለበጣት፤ 193 ሰዎች አለቁ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ተረቱን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚቸግረን ቅጠሉን የምንይዝበትን ሰዓት ማወቁ ነው። አደጋ ሲደርስ ኮሚቴ ይቋቋማል። ለጥቂት ሲያልፍ ግን ተመስገን ብለን እንበተናለን።

እኔም ከዚህ አልጸዳም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ አለው። ሹፌሩ ዳገት ፈልጎ አቆመው። ወረድን፣ አመሰገንን፣ በሌላ መኪና ሄድን። ጋዜጠኛ ነኝ፤ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አውቶቡሱ በማግስቱ ሌሎች ሰዎችን ይዞ ወጥቶ ይሆናል።

በሰላም መግባት ምስጋና ይገባዋል። ነገሩ ደህና ለመሆኑ ግን ማስረጃ አይደለም። ፕሪንሰስ ቪክቶሪያ ያን ቀን እስክትሰጥም ድረስ ሁልጊዜ በሰላም ትገባ ነበር።

ቸር እንሰንብት።